የምድር ቤቷ ምሰሶ

የወጣቶች የጥበብ ማዕከሉ በፊት የክር ፋብሪካ ነበር። ማሽኖቹ ከወጡ ዘመን ተቆጥሯል፤ ግን ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ በረጃጅሞቹ መስኮቶች ስትገባ አየሩ ላይ ነጭ ብናኝ ሲንሳፈፍ ይታያል። የድሮው ጥጥ ይሁን የዛሬው ግንበኛ ያነሣው አቧራ፣ ማንም ለይቶ አያውቅም። በዚያ ብርሃን ውስጥ የቆመ ሰው ግማሹ የዚህ ዓለም፣ ግማሹ የሕልም ይመስላል። ቤቱን ለከተማው ልጆች አስከፍታ የምታስተዳድረው ኃላፊ ግን በዚያ ብርሃን ውስጥ ቆማ አታውቅም። አቋርጣው ታልፋለች እንጂ።

እውነት ለመናገር፣ ሥራውም መቆሚያ የሚሰጥ አልነበረም። ጠዋት ጣሪያ ከሚጠግኑት ጋር ጣሪያ ላይ ናት፤ ረፋዱ ላይ የሥዕል ክፍል ልጆች ቀለም አለቀብን ብለው ይይዟታል፤ ወዲያው የሙዚቃ ክፍሉ በር አልዘጋ አለ ይባላል፤ ከዚያ የኤሌክትሪክ ሠራተኞቹ፣ ከዚያ የወላጆች ስብሰባ። እንደ እንዝርት ስትሾር ትውላለች። ከእጇ የማትለየው መገናኛ ሬዲዮም አንዴ ከዚህ፣ አንዴ ከዚያ ይንጫጫል። ልጆቹ "ሽውታ" የሚል ስም አውጥተውላታል። የጫማዋ ድምፅ ሲሰማ "ሽውታ መጣች!" ይባላል፤ ተናግረው ሳይጨርሱ ሄዳለች። ስሙን ሰምታዋለች፤ አልከፋትም። እንዲያውም በሆዷ እንደ ሙገሳ ይዛዋለች። ሰው ራሱን የሚያሞግስበት አያጣም መቼም።

ከሥራዋ ሁሉ የልቧ ግን ትልቁ አዳራሽ ነበር። ድሮ ወፋፍራም ምሰሶዎች በየመሐሉ ተገትረውበት፣ ከምሰሶ ኋላ ወንበር የደረሰው ተመልካች ከተዋናዩ ክንዱን ብቻ አይቶ ነበር ወደ ቤቱ የሚመለሰው። እሷ መሐንዲሶቹን ለምና፣ ተከራክራ፣ አንዳንዴም አኩርፋ፣ ጣሪያውን በብረት ተሸካሚ አስይዛ ምሰሶዎቹን ተራ በተራ አስነቀለቻቸው። የመጨረሻው የወጣ ዕለት ባዶውን ወለል አየችና እንባዋ መጣ። ያን ጊዜም ቢሆን እንባዋን የጠረገችው እየሄደች ነው።

አዳራሹ እስኪያልቅ የወጣቶቹ የዳንስ ቡድን ምድር ቤት እንዲለማመድ ተደረገ። አሠራሩ የታወቀ ነው። የአዲሱ መድረክ ልክ ምድር ቤቱ ወለል ላይ በቢጫ ፕላስተር ይለጠፋል፤ ልጆቹ በዚያ መስመር ውስጥ ይለማመዳሉ፤ ቀኑ ሲደርስ ወደ ላይ መውጣት ብቻ ነው። አንድ ችግር ግን ነበረች። በቢጫው መስመር መካከል፣ ቀለሟ የተላላጠ አንዲት ክብ ምሰሶ ቆማለች። ይህችኛዋን መንቀል አይታሰብም፤ ፎቁ የተቀመጠው በእሷ ላይ ነው።

"ምሰሶዋን እንደሌለች ቁጠሯት" አለች ኃላፊዋ በመጀመሪያው ቀን፣ አንድ እግሯ ደረጃው ላይ እያለ። "ላይ ምሰሶ የሚባል ነገር የለም።" ይህን ብላ ወጣች።

ከዳንሰኞቹ አንዷ ልጇ ነበረች። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ እናቷ እስከ ዛሬ "ሚጣ" ትላታለች፤ እሷ ደግሞ በጓደኞቿ ፊት ሚጣ ከምትባል መሬት ተከፍታ ብትውጣት ትመርጣለች። እናትና ልጅ ሁለት ሆነው ነው የሚኖሩት። ይኖሩ ነበር ማለት ይሻላል። አንድ ማታ ሚጣ እራቱን አሙቃ ጠበቀች፤ ቀዘቀዘ፤ እንደገና አሞቀችው። እናቷ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ስትቀመጥ እንዲህ አለቻት።

"እማ፣ አንድ ቀን ልምምዳችንን ቁጭ ብለሽ እይልኝ።"

"አያለሁ እኮ የኔ ልጅ! በየቀኑ አይደል እንዴ የማየው?"

"በር ላይ ነዋ የምታይው። እሱንም 'ቆንጆ ነው' ብለሽ ውልቅ ነው።"

"ቆንጆ ስለሆነ ነዋ!"

"ምኑ ነው ቆንጆው? እስቲ ንገሪኝ።"

እናት መልስ ስትፈልግ ስልኳ ጮኸ። አነሣችው። የግንበኞቹ አለቃ፣ ፎርማኑ ነበር፤ የሲሚንቶ ነገር። ወሬዋን ስትጨርስ ልጅቷ ክፍሏ ገብታ በሩን ዘግታለች። በማግሥቱ ሻንጣዋን ይዛ አክስቷ ቤት ገባች።

"እኔ ጋ ናት" አለች አክስቲቱ በስልክ፣ ታላቅ እህት በታናሽ ላይ ባላት ሥልጣን። "ትበላለች፣ ትተኛለች፣ ታጠናለች። ሲላት ትመጣለች። አንቺ ግን ልብ ግዢ።"

ኃላፊዋ ልብ አልገዛችም፤ ተስፋዋን ሁሉ አዳራሹ ላይ ጣለች። አዳራሹ ይለቅ፤ ሚጣ በዚያ ወለል ላይ፣ በዚያ ብርሃን ውስጥ ትደንስ፤ ያን ጊዜ እናቷ ምን ስትሠራ እንደከረመች ይገባታል፤ ሻንጣዋን ይዛ ትመለሳለች። ይህን እያሰበች ባዶ ቤት ገብታ ከባዶ ቤት ትወጣለች። የልጅቷ ኩባያ መደርደሪያው ላይ እንደተደፋ ነው፤ ልታነሣው ትፈልግና ትተወዋለች። ተኝታ ስታልም እንኳ አዳራሹን ነው። ወለሉ እንደ ሜዳ ሰፍቷል፤ ልጅቷ ከወዲያኛው ጥግ ትደንሳለች፤ እናት ወደ እሷ በተራመደች ቁጥር ወለሉ ይረዝማል፤ ብናኙ እንደ ጉም እየወፈረ ይሸፍናታል። ስትነቃ እግሮቿ እውነት ሲሄዱ ያደሩ ያህል ዝለዋል።

የምርቃቱ ቀን ሲቃረብ ልጆቹ ከምድር ቤት ወጡ። አዳራሹን ሲያዩ ወሬያቸውን አቆሙ። ጫማቸውን ሳይታዘዙ አወለቁ። ከመካከላቸው አንዱ ወለሉን በመዳፉ ዳሰስ አድርጎ "ይሄ ሁሉ የኛ ነው?" አለ። ኃላፊዋ በር ላይ ሆና ሰማችው፤ ልቧ ሞላ። ሚጣን ሰረቅ አድርጋ አየቻት። ሚጣ ወደ ጣሪያው አንጋጣለች፤ ፊቷ ላይ የሚነበብ ነገር የለም።

ሙዚቃው ተጀመረ። ልጆቹ ከየጥጉ ወደ መካከል ሮጡ፤ መካከሉ ላይ ሲደርሱ ሁለቱ ግንባር ለግንባር ተላተሙ። አንዷ ጀርባዋን ወደ ኋላ ለቀቀች፤ የሚይዛት አልነበረምና ዘጭ አለች። ሌላው እጁን ዘርግቶ አየር ዳበሰ። ሙዚቃው መንገዱን ቀጠለ፤ እነሱ ግን በሰፊው ወለል ላይ እንደ ተበተነ እህል እዚህም እዚያም ቀሩ።

"ምን ሆኑ?" አለች ኃላፊዋ።

አሰልጣኙ ሙዚቃውን አጠፋ። ጉልበቱን ታሞ ከመድረክ የወረደ ቀጭን ሰው ነው፤ ከእሷ ጋር ብዙ ዘመን ሠርቷል። "ምሰሶዋ የለችማ" አለ።

"እሱንማ ከመጀመሪያው ቀን ብያችኋለሁ!"

"ብለሻል፤ እኛም ሞክረን ነበር። ግን ልጆቹ ሲደክማቸው ይደገፏታል። ተደግፈው ያወራሉ። አንድ ቀን ልጅሽ 'ዳንሱ ይሄው ነው' አለች። ከዚያ ወዲህ ሥራው ሁሉ በምሰሶዋ ዙሪያ ሆነ። ተራ በተራ ሮጠው ይመጣሉ፣ ይደገፏታል፣ የሆዳቸውን ይነግሯታል፣ ይሄዳሉ።"

"ታዲያ እንዴት አትነግረኝም?"

አሰልጣኙ አፍጥጦ አያት። "ምኑን ልንገርሽ? በየቀኑ መጥተሽ፣ አይተሽ፣ 'ቆንጆ ነው' ስትይ! እኔማ ለምሰሶዋ አንድ ዘዴ ይዛለች ብዬ ተኝቼልሻለሁ።"

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው። ነገር በዓይን ይገባል ይባላል፤ የእሷ ዓይን ግን ሁልጊዜ በሩ ላይ እንደቀረ ነው። ወለሉ ላይ ተቀምጣ እግሯን ወደምታሸው ልጇ ሄዳ አጠገቧ ቁጢጥ አለች።

"ሚጣ... ምን አላት እሷ ምሰሶ? ለምን እሷን መረጥሽ?"

ልጅቷ ቀና አላለችም። "አትሄድማ" አለች። "ጀምረሽ እስክትጨርሺ ትሰማሻለች።" ከዚያ ተነሥታ ልብሷን አራገፈች። "ተዪው እማ፤ ይሰረዝ። እኔም ካሁን በኋላ አልመጣም።"

ያ ሁሉ ሩጫ ለማን ነበር? ልጅቷ እዚህም ካልመጣች፣ እቤትም ካልመጣች፣ አዳራሹ የማን አዳራሽ ነው? እናት ወደ ፎርማኑ ሮጠች፤ ከመሮጥ ሌላ የምታውቀው መላ አልነበረምና።

"ጋሼ፣ ምሰሶ ይሥሩልኝ።"

ፎርማኑ ቆቡን አውልቆ አናቱን አከከ። "አይ ያንቺ ነገር! ንቀሉ ንቀሉ ስትይ ከርመሽ፣ አሁን ደግሞ ትከሉ?"

"አያፊዙብኝ በናትዎ።"

አላፌዘም፤ ሠራላት። ከስስ ጣውላ ጠቅልሎ፣ ቀለም ቀብቶ፣ ወገቡ ያማረ ምሰሶ አቆመ። ወለሉ ላይ ግን በምስማር መምታት አይቻልም፤ ከሥሩ የኤሌክትሪክ ገመድ አለ፤ "ምስማር በዚህ ወለል ላይ እንዳላይ" ብላ ያስጠነቀቀችውም ራሷ ናት። ስለዚህ መጀመሪያ የተደገፈችው ልጅ ከነምሰሶው ወደቀች። ሆዱ ውስጥ አሸዋ ሞሉበት። አሁን አልወደቀም፤ ግን ይነቃነቃል፤ ልጆቹም ቀለሙ ያልደረቀ ግድግዳ የተደገፉ ይመስል በፍርሃት ነው የሚነኩት። የፈራ ሰው ደግሞ የሆዱን አይናገርም።

"ሰው ይቁም" አለ አሰልጣኙ በመጨረሻ። "ሰው ሲገፉት እግሩን ያስተካክላል።"

ማን ይቁም? ልጆቹ ሁሉ ቦታ አላቸው። አሰልጣኙ በዚያ ጉልበቱ ድመት እንኳ ብትደገፈው ያልቅለታል። ፎርማኑ መጋረጃውን የሚስበው እሱ ነው፤ ደግሞም "እኔ ከቆምኩ እንቅልፌ ይመጣል" ብሎ በግልጽ ተናገረ።

"ሽውታ ትቁም!" አለ አንዱ ልጅ፣ ቀልዱን ነው።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። "ሽውታን ተደግፎ ማን ይተርፋል!" አለች ሌላዋ። ፎርማኑ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ኃላፊዋም ልትስቅ ጀምራ የልጇን ፊት አየች። ሚጣ አልሳቀችም። እናትም ሳቋን ዋጠች።

"እቆማለሁ" አለች።

"አትችይም" አለች ሚጣ።

"እችላለሁ።"

"ስልክሽ ይጮኻል፤ ትሄጃለሽ።"

ኃላፊዋ ስልኳንና መገናኛ ሬዲዮዋን አውጥታ በፎርማኑ እጅ ላይ አኖረች። እሷም ሄዳ መካከል ላይ ቆመች። እጆቿን ምን እንደምታደርጋቸው ስላላወቀች ወደ ጎን ለቀቀቻቸው።

ምሰሶ መሆን ቀላል የመሰለው ሰው ይሞክረው። "ምሰሶ አያይም፤ ዓይንሽን ጨፍኚ። ምሰሶ አይመልስም፤ አፍሽን ያዢ" አላት አሰልጣኙ። የመጀመሪያው ልጅ ሲደገፋት "ይቅርታ!" ብላ ዞር አለችለት። ሁለተኛዋ ጥርሴን አሞኛል ብላ ብታንሾካሹክ "ውይ! ሐኪም አየሽ?" አለች። ልጆቹ በሳቅ ወለሉ ላይ ተንከባለሉ። በማግሥቱ ተሻላት። በሦስተኛው ቀን አፏን ያዘች። ሚጣ ግን ተራዋ ሲደርስ ትከሻዋን በጣት ጫፍ ብቻ ነካ አድርጋ ታልፋለች፤ "ቦታዬን ለማስታወስ ያህል ነው" ትላለች። እናትም ምሰሶ ናትና ለምን አላለችም።

የምርቃቱ ቀን ከሰዓት በኋላ አዳራሹ በሰው ሞላ። የከተማው ሹማምንት መጡ፤ እንግዳ ተቀባይዋ ኃላፊ ግን በር ላይ የለችም። ፎርማኑ ባልለመደው ሬዲዮ ሲጠየቅ ይሰማል፤ "ኃላፊዋን? ማግኘት አይቻልም። ምሰሶ ናት" ይላል። እሷ እስከ እግሯ የሚወርድ ግራጫ ቀሚስ ለብሳ ከመጋረጃው ኋላ ቆማለች፤ ዓይኗን ጨፍናለች። መጋረጃው ሲከፈት ነፋሱ ፊቷን ነካት። የመስኮቶቹ ብርሃን በሽፋሽፍቷ ላይ ወርቅማ ሆኖ ሲያርፍ ተሰማት። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ብርሃን ውስጥ ቆመች።

ከዚያ እግሮች መጡ። ባዶ እግር በአዲስ እንጨት ላይ፤ መጀመሪያ ከሩቅ እንደሚያካፋ ዝናብ፣ ከዚያ ቀረብ፣ ከዚያ ዙሪያዋን። አንድ ጀርባ ተደገፋት፤ ትኩስ፣ በላብ የራሰ። "ነገ ፈተና አለብኝ፤ አንድም አላጠናሁ" አለ በሹክሹክታ፣ ሄደ። ሌላ ጀርባ መጣ። "አባቴ መጥቷል፤ አየሁት። ይመጣል ብዬ አላመንኩም ነበር።" ሄደች። ሌላው ተደግፎ ከቆየ በኋላ "እትዬ፣ ላቤ ሸተተሽ?" አላት፤ ሳቋ እስከ ጉሮሮዋ መጣ፤ ዋጠችው። አፍንጫዋን በላት፤ አላከከችም። ግራ እግሯ ደነዘዘ፤ ወይ ፍንክች! የምታውቃቸው የመሰሏት ልጆች ድምፅና ሙቀት ሆነው እየመጡ ሄዱ፤ የት እንዳለችም ጠፋት። አዳራሹ ይሁን ምድር ቤቱ፣ ቀን ይሁን ሕልም፣ አልለየችም። ዓለም ሁሉ ወደ እሷ እየሮጠ የሚመጣ፣ እሷ ብቻ የማትሄድ መሰላት፤ ደስታውም አስፈራት።

ከዚያ አንድ ጀርባ መጥቶ ሳይነካት አጠገቧ ቆመ። ትንፋሹን ሰማችው። ቀስ ብሎ፣ መጀመሪያ አንድ ትከሻ፣ ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሙሉ ክብደቱን ጣለባት። ይህን ክብደት ታውቀዋለች። አዝላ ያሳደገችው ነው፤ ቁመቱ ብቻ ጨምሯል።

"እማ" አለ ድምፁ፣ ለእሷ ብቻ በሚሰማ ልክ። "ማኩረፍ ደክሞኛል።"

ምሰሶ አይመልስም። እናት ከንፈሯን ነከሰች። እንባዋ ከተጨፈነ ዓይኗ ሥር አምልጦ ጉንጯ ላይ ወረደ፤ እጇን አንሥታ አልጠረገችውም። ክብደቱ ቆየ፤ ከሁሉም ልጆች የበለጠ ቆየ። ከዚያ ቀለል አለ፤ እግሮቹም ራቁ።

ሙዚቃው ቆመ። ጭብጨባ መጣ፤ ረጅም ጭብጨባ። እሷ ቆማለች። ምናልባት ገና የሚቀር ክፍል ይኖር ይሆናል አለች በልቧ። ወንበሮች ተንቀሳቀሱ፤ ሰዎች አወሩ፤ ሳቁ፤ ድምፃቸው ወደ ውጭ ራቀ። ይህም የዳንሱ አካል ይሆን? መቼ እንደሚያልቅ ማንም አልነገራትም። በልምምድ ጊዜ "በቃ" የሚላት አሰልጣኙ ዛሬ ረስቶታል፤ ምድር ቤት ያለችው ምሰሶ ዳንሱ ሲያልቅ ወጥታ አታውቅማ። ኃላፊዋም መጨረሻውን አይታው አታውቅም። ጸጥታ ሆነ። ቆማለች።

ባዶ እግር ተመልሶ መጣ።

"እማ።"

ምሰሶዋ አልተነቃነቀችም።

"እማ፣ አልቋል እኮ! ሰዉ ውጭ ለስላሳ እየጠጣ ነው።"

እናት ዓይኗን ገለጠች። አዳራሹ ባዶ ነው፤ ብናኙ በብርሃኑ ውስጥ በቀስታ ይወርዳል፤ ልጇ ፊት ለፊቷ ቆማለች፤ ፀጉሯ በላብ ግንባሯ ላይ ተጣብቋል።

"መቼ ነው ያለቀው?"

"ቅድም ነዋ። አላወቅሽም?"

"በምን ልወቀው? አላየሁት።" "ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንዱንም አላየሁት፣ የኔ ልጅ።"

ልጅቷ ክንዷን ይዛ፣ የደነዘዘ እግሯን እያስጎተተች ከመድረኩ አወረደቻትና ፊተኛው ወንበር ላይ አስቀመጠቻት። በሩ ላይ አንድ ሰው ብቅ አለ። "እመቤቴ፣ ንግግሩ እርስዎን እየጠበቀ ነው፤ ሹማምንቱ ቆመዋል።"

"ይቁሙ" አለች ኃላፊዋ፣ ዞር ሳትል።

ልጅቷ መድረኩ ላይ ወጣች። ሙዚቃም፣ ጓደኞችም የሉም። ከጥጉ ተነሥታ ሮጠች፤ ለብቻዋ የሁሉንም ቦታ እየሮጠች፣ አንዴ ፈተና ያለበትን፣ አንዴ አባቷ የመጣላትን ሆና ተሽከረከረች። እናት አየች። እጆቿ እንዴት እንደሚከፈቱ፣ ከመዝለሏ በፊት እንዴት ትንፋሽ እንደምትይዝ፣ ሁሉንም አየች። ምኑ እንደሚያምር አሁን ቢጠይቋት እስኪመሽ ታወራ ነበር። ልጅቷ መካከሉ ላይ ደረሰች፤ ጀርባዋን ወደ ኋላ ለቀቀችው፤ እዚያ ማንም የለም። እናት "ሚጣ!" ብላ ከወንበሯ ብድግ አለች።

ልጅቷ ግን አልወደቀችም፤ በአየር ላይ እንደተደገፈች ቀረች፤ ጉልበቷ ይንቀጠቀጣል።

"ተቀመጪ እማ" አለች፣ ሳታቆም። "መጨረሻው ገና ነው።"

እናት ተቀመጠች።